የዕለቱ ቁጥር ከየት ይመጣል? ቀን የተጻፈባቸው የመረጃ ፋይሎች በወረርሽኝ ወቅት ያላቸው ጠቀሜታ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን በኮሮና ቫይረስ የተያዘ የመጀመሪያው ሰው መገኘቱ ለሕዝብ ከተገለጸ በኋላ፣ በየዕለቱ የሚወጣው መግለጫ የብዙዎቻችን ኑሮ አካል ሆኖ ነበር። «ባለፉት 24 ሰዓታት» እየተባለ ይነገር የነበረው ይህ መግለጫ ስንት የላቦራቶሪ ምርመራ እንደተደረገ፣ በስንት ሰዎች ላይ ቫይረሱ እንደተገኘ፣ ስንት ሰዎች እንዳገገሙና የስንት ወገኖቻችን ሕይወት እንዳለፈ ያስታውቅ ነበር። ለቅሶ ለመድረስ የሚያስብ ቤተሰብ፣ ሱቁን ለመክፈት የሚያመነታ ነጋዴ፣ ልጁን ወደ ዘመድ ቤት ለመላክ የሚፈልግ ወላጅ ሁሉ ጆሮውን ወደዚህ ቁጥር ይጥል ነበር።

ይህ ጽሑፍ ያ ቁጥር ከየት እንደሚመጣ፣ በተለይም በየዕለቱ ከመረጃ ቋት ወጥቶ የወጣበት ቀን በስሙ ላይ በተጻፈበት ፋይል የሚቀመጠው ለምን እንደሆነ ያስረዳል። ጉዳዩ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በወረርሽኝ ወቅት ቀኑ በትክክል ያልተመዘገበ መረጃ ሰውን ለአደጋ ያጋልጣል፤ ቀኑን በትክክል መመዝገብ ደግሞ የባለሙያው ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዳችን ኃላፊነት ነው።

ከናሙና እስከ መግለጫ

አንድ ሰው ናሙና ሲሰጥ ስለ እርሱ የሚመዘገቡ ጉዳዮች አሉ፤ መለያ ቁጥሩ፣ የሚኖርበት አካባቢ፣ ናሙናው የተወሰደበት ቀን፣ ምርመራው የተጠናቀቀበት ቀንና ውጤቱ። እነዚህ መረጃዎች በኮምፒውተር ውስጥ በሠንጠረዥ መልክ ይሰፍራሉ። እያንዳንዱ ምርመራ አንድ ረድፍ ይይዛል። በዚህ መልክ የተደራጀው የመዝገቦች ስብስብ የመረጃ ቋት ይባላል።

የመረጃ ቋት እንደ ትልቅ መዝገብ ቤት ነው። መዝገብ ቤት ገብተን ሁሉንም ወረቀት እንደማናነብ ሁሉ፣ ከመረጃ ቋትም የምንፈልገውን ብቻ ለይተን እንጠይቃለን። ለምሳሌ «ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ውጤታቸው የታወቀውን ምርመራዎች በየክልሉ ደምረህ አሳየኝ» የሚል ጥያቄ ይቀርባል። ጥያቄው የሚጻፈው ኮምፒውተሩ በሚረዳው ቋንቋ ሲሆን፣ መልሱ እንደገና በረድፍና በዓምድ ተደርድሮ ይመጣል።

ይህ መልስ በኮምፒውተር መስኮት ላይ ታይቶ ቢጠፋ ጥቅም የለውም። መግለጫ ለሚያዘጋጁ፣ በሽታውን ለሚከታተሉና አልጋና ኦክስጅን ለሚያከፋፍሉ ባለሙያዎች መድረስ አለበት። ስለዚህ መልሱ ወደ ፋይል ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ሲኤስቪ የሚባለው፣ ዓምዶቹ በነጠላ ሰረዝ የሚለያዩበት ቀላል የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ምክንያቱም የትኛውም ኮምፒውተር ሊያነበው ይችላል።

ሥራው በየዕለቱ የሚደጋገም በመሆኑ በሰው እጅ ብቻ እንዲሠራ አይተውም። ኮምፒውተሩ በተወሰነ ሰዓት ራሱ ጥያቄውን እንዲያቀርብ፣ መልሱን ወደ ፋይል እንዲያወጣና ከራሱ ሰዓት ቀኑን አንብቦ በፋይሉ ስም ላይ እንዲጽፍ ይታዘዛል። በዚህም መሠረት የመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ፋይል «ዕለታዊ-ውጤት-2020-03-13» የሚል ስም ሊይዝ ይችላል። የማግስቱ ደግሞ «ዕለታዊ-ውጤት-2020-03-14» ይባላል። የደከመ ወይም የታመመ ሠራተኛ ቢቀር እንኳ ፋይሉ አይቀርም፤ በችኮላም የተሳሳተ ቀን አይጻፍበትም።

ፋይሉ ቀኑን በስሙ መያዙ ለምን ያስፈልጋል?

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ነገር ግን በጽሑፍ ያለውም ቢሆን በላዩ ላይ ሌላ ከተጻፈበት ይጠፋል። ፋይሉ በየዕለቱ «ዕለታዊ-ውጤት» የሚል አንድ ስም ብቻ ቢኖረው፣ የዛሬው በትናንቱ ላይ ይጻፍና የትናንቱ ይደመሰሳል። ይህን ለመከላከል አንዳንድ ፕሮግራሞች ጥንቃቄ ያደርጋሉ። በሰፊው የሚሠራበት ማይኤስኪውኤል የተባለው የመረጃ ቋት ፕሮግራም፣ መልስን በቀጥታ ወደ ፋይል እንዲያወጣ ሲታዘዝ በዚያው ስም ሌላ ፋይል ካገኘ በላዩ ላይ አይጽፍም፤ ሥራውን አቋርጦ ስሕተት መኖሩን ያሳውቃል። ስለዚህ በየዕለቱ የሚወጣ ፋይል በየዕለቱ አዲስ ስም ያስፈልገዋል። ከቀኑ የተሻለ ስም ደግሞ የለም።

ቀን በስሙ ላይ የተጻፈበት ፋይል የሚከተሉትን ጥቅሞች ይሰጣል።

አንደኛ፣ የጎደለ ቀን ይታወቃል። የ11ኛውና የ13ኛው ቀን ፋይል ኖሮ የ12ኛው ከሌለ፣ ባለሙያው ወዲያውኑ ያስተውላል። በዚህ ረገድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ምንም ሕመምተኛ ያልተገኘበት ቀን ፋይልም መውጣት አለበት። ዜሮ ተብሎ የተጻፈ ቁጥር «መርምረን አላገኘንም» ማለት ነው፤ የፋይሉ አለመኖር ግን «አናውቅም» ማለት ነው። ሁለቱን ማምታታት በሽታው ሳይጠፋ ጠፋ ወደሚል መዘናጋት ያመራል።

ሁለተኛ፣ እርማት በግልጽ ይታያል። ዘግይቶ የደረሰ ውጤት ሲጨመር ያለፈው ሳምንት ቁጥር ሊለወጥ ይችላል። የየቀኑ ፋይል ተጠብቆ ከቆየ፣ ያን ዕለት ምን ይታወቅ እንደነበረና በኋላ ምን እንደታረመ ማስረዳት ይቻላል። ካልተጠበቀ ግን እርማቱ እንደ መደበቅ ይቆጠራል፤ የሕዝብ አመኔታም ይጎዳል።

ሦስተኛ፣ የበሽታውን አካሄድ ማየት ይቻላል። የአንድ ቀን ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። የሰባት ቀን ፋይሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን በሽታው እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ የሚለው ይገለጣል።

በአሜሪካ የሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 እስከ መጋቢት 10 ቀን 2023 ድረስ የዓለምን የኮቪድ-19 መረጃ ሲሰበስብ፣ ለየዕለቱ አንድ ፋይል እያዘጋጀ ቀኑን በስሙ ላይ ጽፎ ለሁሉም ክፍት አድርጎ ነበር። ተመራማሪዎች ዛሬም ተመልሰው የእያንዳንዱን ቀን ሁኔታ ማየት የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ጽሑፍ፣ ሦስት ቀኖች

ቀን መጻፍ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አጻጻፉ ካልተወሰነ ራሱ የስሕተት ምንጭ ይሆናል። ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሌሎች ይልቅ የሚያሳስብ ጉዳይ ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.ን በአኃዝ ብንጽፍ 04/07/2012 ይሆናል። ቀኑን የሚያነበው ሰው ወይም ኮምፒውተር የእኛን አቆጣጠር የማያውቅ ከሆነ፣ ቀንን በሚያስቀድመው ልማድ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 2012 አድርጎ ይወስደዋል። በአሜሪካ እንደተለመደው ወርን የሚያስቀድም ከሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 7 ቀን 2012 ይለዋል። ትክክለኛው ግን እ.ኤ.አ. መጋቢት 13 ቀን 2020 ነው። አንዱ ጽሑፍ ሦስት ቀኖችን ወለደ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ወረርሽኙ ከመከሰቱ ከሰባት ዓመታት በላይ ቀድመው የነበሩ ናቸው።

በሌላ በኩል የጳጉሜን ወር አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር የተሠራ ፕሮግራም 13ኛ ወር ስለማያውቅ «2012-13-03» የሚል ቀን ቢገባለት አይቀበልም። ጥቅምት 30 ቀንም «2012-02-30» ተብሎ ቢገባ የፈረንጆቹ የካቲት 30 ቀን የለውምና ይጥለዋል። ቀኑ ተቀባይነት ያጣ ረድፍ ከቆጠራ ውጭ ሊቀር ይችላል። ከዚያ ረድፍ ጀርባ ደግሞ ሰው አለ።

ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚሆነው አስቀድሞ መስማማት ነው። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣውና አይኤስኦ 8601 የተባለው ደረጃ፣ በቀን አጻጻፍ ላይ መጀመሪያ ዓመት፣ ቀጥሎ ወር፣ በመጨረሻም ቀን እንዲቀመጥ ይደነግጋል፤ ለምሳሌ 2020-03-13። በዚህ መልክ የተሰየሙ ፋይሎች በስማቸው ሲደረደሩ በጊዜ ቅደም ተከተላቸውም ይደረደራሉ። ወር ቀድሞ ቢጻፍ ግን «01-01-2021» የተባለው ፋይል ከዓመቱ በፊት ከነበረው «03-13-2020» ቀድሞ ይሰለፋል።

ይህ ማለት የራሳችንን የዘመን አቆጣጠር መተው አለብን ማለት አይደለም። በአገራችን የጤና ተቋማት የሚሠራበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲሠራ ተደርጎ ሊስተካከል ይችላል። ዋናው ቁም ነገር በአንድ ፋይል ውስጥ ሁለት አቆጣጠር እንዳይቀላቀል ማድረግና የትኛው ጥቅም ላይ እንደዋለ በግልጽ መጻፍ ነው።

ሌሊቱ የየትኛው ቀን ነው?

ከቀኑ ሌላ ሰዓቱም ትኩረት ይሻል። በእኛ ልማድ ቀን የሚቆጠረው ከንጋት ጀምሮ ነው። ኮምፒውተር ግን ቀን የሚለውጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። በተጨማሪም ብዙ ሰርቨሮች የሚሠሩት ዩቲሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ሲሆን፣ ይህም ከአገራችን ሰዓት ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል።

ለምሳሌ አንድ ሰርቨር ለቅዳሜ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ፋይል እንዲያወጣ ታዘዘ እንበል። በአዲስ አበባ ሰዓት ኮምፒውተሩ ቅዳሜ ገብቷል ይላል፤ በዩቲሲ ግን ገና ዓርብ ነው። ሰርቨሩ በዩቲሲ የሚሠራ ከሆነ በፋይሉ ስም ላይ የሚጽፈው የዓርብን ቀን ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የቅዳሜው ፋይል ጠፋ ብሎ ይደነግጣል፤ ወይም የአንዱን ቀን ቁጥር ሁለት ጊዜ ይደምራል። ሥራው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ እንዲከናወን ቢደረግ በሁለቱም አቆጣጠር ቀኑ አንድ ስለሚሆን ችግሩ ይወገዳል።

መዝጋቢዎችም ሰዓት ሲጽፉ ሊጠነቀቁ ይገባል። ታማሚው «ናሙና የሰጠሁት 8 ሰዓት ላይ ነው» ሲል ከቀኑ 8 ሰዓት ማለቱ ከሆነ፣ በኮምፒውተሩ ሰዓት 14፡00 ተብሎ መግባት አለበት። 8፡00 ተብሎ ከገባ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለት ይሆናል፤ የስድስት ሰዓት ስሕተት ተፈጠረ ማለት ነው።

ቀን ብቻውን አይበቃም

የፋይሉ ስም ትክክል መሆኑ ይዘቱ ሙሉ ለመሆኑ ዋስትና አይሆንም። ለዚህ በእንግሊዝ የደረሰው ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 25 እስከ ጥቅምት 2 ቀን 2020 ባሉት ቀናት ውስጥ በኮቪድ-19 መያዛቸው በምርመራ የተረጋገጠ 15,841 ሰዎች በዕለታዊው ቁጥር ውስጥ ሳይካተቱ ቀሩ። ከላቦራቶሪዎች የመጡት የሲኤስቪ ፋይሎች የተገለበጡት ከ65,536 ረድፍ በላይ መያዝ ወደማይችል የቀድሞ የኤክሴል ፋይል ዓይነት ነበር። ፋይሉ ሲሞላ ትርፉ ረድፍ ሳይገባ ቀረ።

ታማሚዎቹ ውጤታቸው በራሳቸው ደርሷቸው ነበር። ነገር ግን መረጃው ወደ ንክኪ ፍለጋ ሥርዓቱ በጊዜው ስላልተላለፈ፣ ከእነርሱ ጋር የተገናኙ ሰዎች ራሳቸውን እንዲለዩ ሳይነገራቸው ቀናት አለፉ። በተላላፊ በሽታ ላይ የአንድ ቀን መዘግየት እንኳ ብዙ ያስከፍላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የምንለው ለመረጃም ይሠራል፤ እሳቱ የት እንዳለ በጊዜው ያልተነገረው ሰው ቅጠል አይዝም።

ስለዚህ ቀን የተጻፈበት ፋይል ሲዘጋጅ ሦስት ጥንቃቄዎች አብረውት መሄድ አለባቸው። የመጀመሪያው በመረጃ ቋቱ ውስጥ ያለው የረድፍ ብዛት በፋይሉ ውስጥ ካለው ጋር በየዕለቱ እንዲመሳከር ማድረግ ነው። ሁለተኛው ፋይሉ ተጽፎ እስኪያልቅ ጊዜያዊ ስም ይዞ እንዲቆይና ትክክለኛ ስሙን ያገኘው ሲጠናቀቅ ብቻ እንዲሆን ማድረግ ነው፤ አለበለዚያ መብራት ጠፍቶ ወይም መስመር ተቋርጦ በግማሽ የቀረ ፋይል እንደ ሙሉ ሊቆጠር ይችላል። ሦስተኛው ሥራው ባልተከናወነ ጊዜ ለኃላፊው ባለሙያ ማስጠንቀቂያ እንዲደርስ ማድረግ ነው። ራሱ የሚሠራ ሥርዓት ሲሳሳትም ራሱ ዝም ብሎ ሊቀጥል ይችላልና።

ከዚህ በተጨማሪ የግለሰቦች ምስጢር መጠበቅ አለበት። ለመግለጫ የሚወጣ ፋይል ድምር ቁጥር እንጂ ስምና ስልክ ሊይዝ አይገባም። ለንክኪ ፍለጋ ሲባል ስም የያዘ ፋይል ቢወጣ የሚከፈተው በሥራው ላይ ለተመደቡት ባለሙያዎች ብቻ መሆን አለበት።

ከእርስዎ ምን ይጠበቃል?

የየዕለቱ ፋይል የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢዘጋጅ፣ የሚይዘው እርስዎ የሰጡትን መረጃ ነው። በመሆኑም የሚከተሉትን እንዲያደርጉ እናሳስባለን።

1. ቀኖችን ለይተው ይያዙ። ሕመም የጀመረዎት ቀን፣ ናሙና የሰጡበት ቀን፣ ውጤት የደረሰዎት ቀንና ከታማሚ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኙበት ቀን አራት የተለያዩ ቀኖች ናቸው። በወረቀት ላይ ወይም በስልክዎ ላይ ይጻፏቸው። የኮቪድ-19 ወረርሽኝ በተነሣበት ወቅት ከታማሚ ጋር የተገናኘ ሰው እንዲቆይ ይመከር የነበረው የ14 ቀን ለይቶ መቆያ ጊዜ ይቆጠር የነበረው ከመጨረሻው ግንኙነት ቀን ጀምሮ ነው። ከሌላ ቀን የቆጠረ ሰው ጊዜው ሳያልቅ ወደ ቤተሰቡ ሊቀላቀል ይችላል።

2. የትኛውን አቆጣጠር እንደተጠቀሙ ይግለጹ። ቅጽ ሲሞሉ ወይም በ8335 እና በ952 ነጻ የስልክ መስመሮች ሲደውሉ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ወይም «በአውሮፓ አቆጣጠር» ብለው ይናገሩ። የወሩን ስም በፊደል መጻፍ በአኃዝ ከመጻፍ ይሻላል። ከውጭ አገር የመጡ ከሆነ በጉዞ ሰነድዎ ላይ ያለው ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ያስታውሱ።

3. የምርመራ ውጤትዎን ቅጂ ያስቀምጡ። ወረቀቱን ፎቶ ካነሡ የፎቶውን ስም ከምርመራው ቀን ጋር ያያይዙት፤ ለምሳሌ «የእናቴ-ውጤት-2012-07-04-ዓም»። በቤት ውስጥ የብዙ ሰዎች ውጤት ሲኖር የትኛው የማንና የመቼ እንደሆነ በሐኪም ፊት መጨነቅ አይኖርብዎትም።

4. ቁጥር ከማመንዎ በፊት ቀኑን ይመልከቱ። በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚዘዋወር መግለጫ ወራት ያለፉበት ሊሆን ይችላል። ቀን የሌለውን መግለጫ ለሌላ ሰው አያስተላልፉ። ቀን ያለውንም ከጤና ሚኒስቴር ወይም ከኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይፋዊ ገጽ ጋር ያመሳክሩ።

5. ዛሬ የተነገረ ቁጥር የዛሬ መያዝን ላያሳይ እንደሚችል ይረዱ። ዛሬ ውጤታቸው የታወቀ ሰዎች ናሙና የሰጡት ቀደም ባሉት ቀናት ሊሆን ይችላል፤ የተያዙት ደግሞ ከዚያም በፊት ነው። ቁጥሩ አንድ ቀን ዝቅ ስላለ ጥንቃቄዎን አያላሉ።

6. የሰዎች ስም ያለበት የታማሚዎች ዝርዝር በእጅዎ ቢገባ አያሰራጩ። በአቅራቢያዎ ለሚገኝ ጤና ተቋም ያሳውቁና ያጥፉት።

የዕድር፣ የትምህርት ቤት ወይም የመሥሪያ ቤት መዝገብ የሚይዙ ወገኖችም በአቅማቸው ይህንኑ ሊያደርጉ ይችላሉ። የዕለቱን የጎብኚዎች ወይም የቀሪዎች ዝርዝር በየቀኑ በአዲስ ገጽ ወይም በአዲስ ፋይል ይያዙ፤ በላዩም ቀኑን ይጻፉ። አንድ ሰው ታሞ ሲገኝ ጤና ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቀው «በዚያን ዕለት አብሮት የነበረው ማን ነው?» የሚለውን ነው። የዚያን ዕለት ዝርዝር የያዘው ሰው ያኔ ስሞቹን ፈልጎ ሳይሆን አንሥቶ ይሰጣል፤ ጥሪውም ለእነዚያ ሰዎች በማግስቱ ሳይሆን በዚያው ዕለት ይደርሳል።